ባንዳው አያት ተፈላጊ ሆኑ

በአገራችን አያቱ አርበኛ ያልነበሩ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። የሁሉም አያት ዱር ገብተዋል፤ ጠመንጃ ማርከዋል። ያ ሁሉ ባንዳ ዘር ሳይተካ አለፈ እንዴ እያልኩ ስገረም ኖሬያለሁ።

ለካ ተክቷል! የጣሊያን ፓስፖርት በዘር ይገኛል የሚል ወሬ ከተናፈሰ ወዲህ ባንዳ አያቶች ከየሣጥኑ ሥር እየወጡ ነው። አንድ ወዳጄ ባሳየኝ ፎቶ ላይ አያቱ ታርቡሽ ደፍተው፣ ሰፊ መቀነት ታጥቀው፣ በባዶ እግራቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ድሮ ልጆች ሲጠይቁ «የክቡር ዘበኛ ልብስ ነው» ይባሉ ነበር። ዛሬ ፎቶው ላሚኔት ተደርጓል። በሕይወት ሳሉ ከሙንታዝነት ያላለፉት ሰውዬ በልጅ ልጃቸው አንደበት ሹምባሽ ሆነዋል። ለዚህ ሹመት የሮማን ፈቃድ የጠየቀ የለም።

ችግሩ፣ በጣሊያን ሕግ በዘር የሚወረሰው የዜጋ ዜግነት ነው፤ ለጣሊያን ያደረው የአገሬው ወታደር፣ አስካሪ፣ ደግሞ ዜጋ አልነበረም። ኤርትራዊው አስካሪ ቀድሞም፣ የእኛው ሰው ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በኋላ፣ መዝገብ ላይ የሰፈሩት «ተገዥ» ተብለው ነው። ዓድዋ ላይ ለዚያች ባንዲራ የሞተውም፣ ሊቢያ በረሃ የቀረውም፣ ከረን ላይ የቆሰለውም ተገዥ ነበር። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣው የዜግነት ሕግ ውትድርናን በተቃራኒውም ያነሳዋል፦ ለባዕድ ጦር ያደረ ጣሊያናዊ፣ መንግሥቱ «ተው» ሲለው እምቢ ካለ ዜግነቱን ያጣል። የ1992ቱ ሕግ በበኩሉ ወላጁ ወይም አያቱ በትውልድ ጣሊያናዊ የነበሩ የውጭ ሰው ራሱ ለጣሊያን በውትድርና ካገለገለ ዜግነት ይፈቅድለታል። ራሱ ነው የሚለው፤ አያቱ የተኮሱት ጥይት አይቆጠርለትም።

ለወዳጄ ቢሳካለትስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የእኛ አዋጅ፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ያን ጊዜ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ፍለጋ ኢትዮጵያዊ ነበርኩ ብሎ ማስረጃ ሊያቀርብ ነው።

ይህን ሁሉ ባስረዳውም ወዳጄ ተስፋ አልቆረጠም። «እሺ፣ የሚፈልጉት ደም ከሆነ...» አለና በጣሊያን ጊዜ የተወለዱትን እናቱን አተኩሮ ያያቸው ጀመር። ፋሺስቶቹ በ1940 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ «የእኔ ነው» እንዳይል ከልክለው ነበር ብለው ማን ሰምቶኝ!

«እማዬ፣ ይሄ አፍንጫሽ ግን ከማን ነው የመጣው?»

እናቱ ቡና መቅዳታቸውን አቆሙ።

«አባቴን ባንዳ ነው ብለህ ለአገር አሳየህ፤ አሁን ደግሞ እናቴን ምን ልታደርጋት ነው?»