ለጽጌረዳዋ ጥግ ልቀቁ

ቦንጋ ውስጥ ፎቶ አሳጥቦ ፍሬም ሊያስገባ ሄዶ «ዲዛይን ያለው ይሁን?» ተብሎ ያልተጠየቀ የለም። ዲዛይን ማለት በአራቱም ማዕዘን ያበጠ፣ ወርቅማ ቀለም የተቀባ የፕላስቲክ ጽጌረዳ ነው፤ በየጠርዙ ደግሞ ሐረግ ይጠማዘዝበታል። ተሸንፌያለሁ፤ ከእንግዲህ ላመስግነው።

መቼም ወርቅ ለእኛ ለካፋዎች ብርቅ አይደለም። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 ሲማረኩ ዘውዳቸውም አብሮ ከእጃችን ወጣ። ይኸው ወርቁ በየሳሎናችን ግድግዳ ተመለሰልን፤ ክረምቱ ሲበረታ ትንሽ ይላጣል እንጂ። ለጫካችንም ቢሆን አሳቢነት ነው፤ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ የመዘገበው ደን ዋንዛና ቀረሮ ሞልቶት፣ እኛ ግን ፍሬማችንን ከባሕር ማዶ እናስመጣለን።

የጽጌረዳዋ ትልቁ ውለታ ግን ለቤተ ዘመድ ነው። ከላይ ያሉት ሁለቱ አበቦች ረጃጅሞቹን፣ ከታች ያሉት የተንበረከኩትን ፊት ስለሚሸፍኑ ማን ጥግ ይቁም የሚለው በሽማግሌ የሚያልቅ ጉዳይ ሆኗል። ብድሩን ያልመለሰ አማች፣ ከላይ በግራ። ሐሜተኛዋ የአክስት ልጅ፣ ከታች ትንበርከክ። ዓመታት አልፈው የውርስ ክርክር ሲነሳ ፎቶው በማስረጃነት ይቀርባል። ዳኛው መነጽራቸውን አስተካክለው «ይህች ጽጌረዳ ለሟች ምናቸው ናት?» ይላሉ። «የእህታቸው ልጅ ናት፣ ክቡር ዳኛ።» ድርሻዋ ይወሰንላታል። መሬት ካላት ዘንድ የቀበሌ መታወቂያ ታወጣለች፤ መታወቂያ ካወጣች ባል አታጣም። በሠርጓ ፎቶ እሷ መሃል ትቆማለች፤ ሙሽራው ጥግ ይገባል፤ በላዩ ሌላ ጽጌረዳ ይደፋበታል፤ ያቺኛዋም በተራዋ ወራሽ ትሆናለች። በዚህ አካሄድ የካፋ ዞን ሕዝብ ግማሹ ፕላስቲክ ሊሆን ነው።

አቧራዋን በጥርስ ብሩሽ መፈልቀቅም ለልጆች የእረፍት ጊዜ ሥራ ሆኗል። ምስጥ አይበላትም፤ ምስጥም ምርጫ አለው።

እቤቴ ግድግዳ ላይ፣ ከላይ በቀኝ ካለችው አበባ ስር ያሉት አጎቴ ናቸው። ሌላ ፎቶ የላቸውም። የፍሬም ሥራ ፎቶ መያዝ ነው፣ አለቀ።

በቀደም አንዱን ሻጭ ጠርዙ ልሙጥ የሆነ፣ ቀጭን የእንጨት ፍሬም እንዳለው ጠየቅሁት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምነው ጋሼ፣ ገንዘብ አነሰዎት እንዴ? ጽጌረዳውን በዱቤ እሰጥዎታለሁ» አለኝ።