ደጅ ጥናትም ጥበብ ነው

አርቲስቶቹ ክሪስቶና ባለቤቱ ዣን ክሎድ በርሊን የሚገኘውን የጀርመን ፓርላማ ሕንፃ፣ ራይሽታግን፣ በጨርቅ የመጠቅለል ሐሳብ የያዙት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1971 ነው፤ የጠቀለሉት በ1995። ጨርቁ 100,000 ካሬ ሜትር፣ ዕይታው ሁለት ሳምንት፣ ደጅ ጥናቱ 24 ዓመት። እንግዲህ በሂሳብ ከሄድን ዋናው ሥራ ደጅ ጥናቱ ነው፤ ጨርቁ ምርቃት ነው። ክሪስቶ ራሱ ፈቃድ ፍለጋው የሥራዬ አካል ነው ይል ነበር። በዚህ ስሌት ፋይሉን ታቅፎ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተ ሁሉ ሳያውቀው አርቲስት ሆኗል ማለት ነው። (ማዕረጉን ማን እንደሚፈርምለት ግን እንጃ።)

«ለሁለት ሳምንት ይህ ሁሉ ወጪ?» የሚል አይጠፋም። ወጪው ከሕዝብ ኪስ አልወጣም፤ ባልና ሚስቱ ንድፎቻቸውን እየሸጡ የሸፈኑት ነው። «የሕንፃው ክብር ይነካል» የሚለው ተቃውሞ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በ1933 የተቃጠለ፣ በ1945 በመድፍ የተደበደበ ግድግዳ ብርማ ጨርቅ ለብሶ በሰማያዊ ገመድ ወገቡን ስለታጠቀ ይዋረዳል? ቻንስለር ሄልሙት ኮል ቢቃወሙም የምክር ቤት አባላቱ በ1994 ተከራክረው 292 ለ223 ፈቀዱ። ነፋስ እጥፋቱን ሲያወዛውዘው ለማየት 5 ሚሊዮን ያህል ሰው ጎረፈ። ፓርላማ ዝም ብሎ ተሸፍኖ ይህን ያህል ሕዝብ ከሳበ፣ ተናጋሪዎቹ ሊያስቡበት ይገባል።

ባልና ሚስቱ የፓሪሱን የድል ቅስት የመጠቅለል ሐሳብ የጠነሰሱት ደግሞ ገና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ቅስቱ በ2021 ሲጠቀለል ክሪስቶ ከሞተ ዓመት አልፎታል።