ቆራሌው አሰላ ላይ ሲከስር

«ቆራሌ!» እያለ ጠዋት ሰፈር የገባ ሰው ማታ ከስሮ ቢወጣ አትዘኑለት። ጥፋቱ አሰላ መምጣቱ ነው።

«እማማ፣ አሮጌ ጀሪካን የለም?»

«አሮጌ የለም። የቆየ አለ፤ እሱም ሥራ ላይ ነው።»

«ጠርሙስስ?»

«መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ነው። መብራት ሲኖር ና፣ ካገኘኸው ጠርሙስ ነው።»

«የተሰነጠቀ ባልዲ?»

«ጤና አዳም ተክዬበታለሁ። ባልዲውን ከወሰድክ ቡናዬ ውስጥ የምነክረው አንተን ነው።»

«የዱቄት ወተት ቆርቆሮ?»

«በርበሬ ይዟል። ከፍተህ እይና እያስነጠስክ ውጣ።»

«ታዲያ ምን ልግዛ?»

«መግዛቱን ተወውና፣ ያንን ትከሻህ ላይ ያለውን ጆንያ ስንት ትለዋለህ?»

ጆንያ ከተነሳ አይቀር፣ በ1960 ዓ.ም. ገደማ ካዱ የሚሉት የጭላሎ ልማት ድርጅት ከስዊድኖች ጋር ሆኖ ገበሬውን ማዳበሪያ ሲያስለምድ፣ የፈረንጆቹ ሐሳብ ስንዴው ላይ ነበር። ገበሬው ግን ከረጢቱንም አይቶታል። ማዳበሪያው አንድ ክረምት አገልግሎ መሬት ገባ። ከረጢቱ ድንች ተሸከመ፣ ተሰፍቶ እህል ተሰጣበት፣ ተወጥሮ ኮርኒስ ሆነ፣ አንዱ ማዕዘን ወደ ውስጥ ሲታጠፍ የእረኛ ካፖርት ወጣው። «ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው ያልገባው» ያለ ሰው ተቀድሟል፤ የተማሪ ብርድ ልብስ ጭኖ በአውቶቡስ ጣሪያ የገባው ማን ሆነና!

የሚቆጨኝ ኃይሌ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ሲሄድ ደብተሩን ታቅፎ ስለነበር፣ ግራ ክንዱ ኦሎምፒክም ላይ እንደታጠፈ ቀረ። ከዚያ ከረጢት አንድ የጀርባ ቦርሳ ሰፍቶ የሚሰጠው ይጥፋ? ይህን ስል አንዱ ነገረኛ አፌን አስያዘኝ። «እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። ቦርሳ ለምዶ ቢሆን በዚያች ላይ ማን ይጨምርለት ነበር?»

የአሰላ ገብስም ጉዞው ረጅም ነው። ብቅል ፋብሪካ ይገባል፣ ቢራ ሆኖ ይመለሳል፣ ቢራው ሲጠጣ ቆርኪው ዳማ ላይ ይሰለፋል፤ የአንዱ በጀርባው፣ የሌላው በፊቱ። «ጎረምሶቹ ቀኑን ሙሉ ቆርኪ ሲገፉ ይውላሉ» ብለው ለሚያሙ አባት መልሱ ተገኝቷል፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ያመረቱትን ነው የምንገፋው።»

ስስ ፌስታልን አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከልክሎ ነበር። አልሰማ ሲባል በ2017 ፓርላማው ጠንከር ያለ አዋጅ አጸደቀ። የእኛ እናቶች ግን ሕግ አልጠበቁም፤ ፌስታሉን አጣጥፈው፣ ሌላ ፌስታል ውስጥ ከትተው፣ አፉን ቋጥረው ከበር ጀርባ ካሰሩት ስንት ዘመናቸው። ይግባኝ የለውም።

በቀደም ደግሞ «ቆሻሻን ወደ ሀብት» የሚል ሥልጠና ከሸገር መጣልን። ለያንዳንዱ ሠልጣኝ ሁለት ሁለት ሃይላንድ ውሃ፣ አዲስ ቦርሳ፣ አዲስ እስክሪብቶ ታደለ። አሠልጣኙ «ከዚህ ባዶ ፕላስቲክ ምን መሥራት እንችላለን?» ብለው ወደ ጠረጴዛው ቢዞሩ ባዶው የለም። ከኋላ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያደላደሉ፦ «ልጄ፣ አንተ ጥያቄውን ጨርስ፤ መልሱን ይዘነዋል።»

እስካሁን ሞቅ አድርጋችሁ ስቃችኋል። አሁን ለራሳችን ይድረሰን። የአርሲ ወተት በወይራ የታጠነ ቅል ያውቃል፤ ጀሪካን ግን አንገቱ ጠባብ ነው፣ እጅ ገብቶ አያጥበው፣ ጢስ ላይ ቢደፉት ይቀልጣል። «አይሰበርም እኮ» እያሉ ለሚያወድሱት ባል ሚስት መለሱ፦ «አንተም አትሰበርም፤ ወተት ግን አልቀዳብህም።»

ከዚህ የሚብሰው የአረም ማጥፊያው ዕቃ ነው። ስንዴው ላይ የተረጨው ቱፎርዲ የመጣበትን ፕላስቲክ አጥቦ ዘይት የሚቀዳበት ቤት አለ። ያ ዕቃ ሦስቴ ቢለቀለቅም ለምግብ አይሆንም፣ ፕላስቲኩ የጠጣውን ሁሉ አይተፋም። ሦስቴ ተለቅልቆ፣ ማንም እንዳይመኘው ተበስቶ መወገድ ነው ያለበት። አንዱ ግን ሞግቶ አይጠግብም።

«ታጥቧል አልኩህ እኮ! በአመድ ነው የፈተግኩት!»

«አንተስ በየቅዳሜው ትታጠብ የለ? ጠባይህ መቼ ለቀቀ?»