የጓጉንቸር ምስክርነት

የአዲስ አበባን የመኖሪያ ግቢ አጥር ጠጋ ብሎ የተመለከተ ሰው የየዘመኑን ስጋት ተነባብሮ ያገኘዋል፤ ከሥር ድንጋይ፣ ከድንጋዩ በላይ ብሎኬት፣ በብሎኬቱ ጫፍ በሲሚንቶ የተተከለ የጠርሙስ ስባሪ፣ ከስባሪው በላይ እሾሃማ ሽቦ፣ የባለቤቱ ኪስ ከፈቀደም የኤሌክትሪክ መስመር ይከተላል። ከስባሪዎቹ አረንጓዴው የአምቦ ውኃ፣ ቡናማው የቢራ በመሆኑ፣ አጥሩ ሌባን ከማስፈራራቱም በላይ አባወራው ምን ሲጠጣ እንደኖረ ለመንገደኛው ሁሉ ይናገራል። የዚህ ሁሉ ትጥቅ ጉድለቱ ግን፣ ሌባው እንደምንም አንዴ ከዘለለ በኋላ ተረጋግቶ እንዲሠራ ከጎረቤት ዓይን የሚሰውረው ያው ረጅሙ አጥር መሆኑ ነው።

ከአጥር ቀጥሎ የሚታመንበት ጓጉንቸር ነው። ጓጉንቸር የሚባለው በበሩና በመቃኑ ላይ በተበየዱ ቀለበቶች ውስጥ የሚንጠለጠለው ተነቃይ ቁልፍ ሲሆን፣ ቤተሰቡ በውስጥ ሲኖር በሩ በመቀርቀሪያ ስለሚዘጋ፣ ጓጉንቸሩ በውጭ በኩል ተንጠልጥሎ መታየቱ ቤቱ ባዶ ለመሆኑ የማያወላዳ ምስክር ነው። ቡጢ የሚያህል ጓጉንቸር ያንጠለጠለ አባወራማ፣ መውጣቱን ብቻ ሳይሆን የሚያሳሳ ንብረት ትቶ መውጣቱንም ጭምር አስታውቋል። ይህን የተረዱ ቤተሰቦች የበረንዳውን መብራት አብርተውና ራዲዮኑን ከፍተው ይወጣሉ፤ ነገር ግን በቀትር የሚበራ አምፖል ከጓጉንቸሩ ያልተናነሰ ወሬኛ ነው። ትርፍ ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ ከአበባው ጣሳ ሥር ይቀመጣል፤ ይህም ምሥጢር የሚመስላቸው የቤቱ ሰዎች ብቻ ናቸው። የግቢው በር ደግሞ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እጃቸውን አስገብተው መቀርቀሪያውን የሚስቡበት ቀዳዳ ስለማያጣው፣ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚለው አባባል እዚህ ላይ ተረትነቱ ቀርቶ የአሠራር መግለጫ ይሆናል።

እውነተኛው ውሻም ቢሆን የታሰበውን ያህል አይረዳም፤ ለጅቡም፣ ለነፋሱም፣ ለጎረቤት ውሻም እኩል ሲጮኽ የሚያድር በመሆኑ፣ ሌባ በመጣበት ሌሊት ቢጮኽ ባለቤቱ ትራሱን ገልብጦ ይተኛል። በየወሩ በሚሰበሰብ መዋጮ የሚቀጠረው የሰፈር ዘበኛ ደግሞ ካፖርቱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ፣ ፊሽካውን እየነፋ ይዞራል። የፊሽካው ዓላማ ዘበኛው አለመተኛቱን ለከፋዮቹ ማረጋገጥ ነው፤ ሆኖም ድምፁ ከታችኛው መታጠፊያ ሲሰማ የላይኛው መታጠፊያ ነፃ መሆኑን አንዲት ሳንቲም ያላዋጣው ሌባም እኩል ይረዳል።

የቀድሞው ዘመን ሰው ከመጠበቅ ይልቅ በማውጣጣት ያምን ነበር። አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ ንብረት በጠፋ ጊዜ የአካባቢው ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ የሚመረመርበት ሸንጎ ሲሆን፣ የቀረ ሰው ይቀጣ ነበር። ሌባሻይ ደግሞ መድኃኒት እንዲጠጣ የተደረገ ልጅ በወገቡ በታሰረ መቀነት እየተያዘ መንደሩን ሲያስስ፣ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ የሚከፍልበት ሥርዓት ነበር። ፍርዱ የሚወሰነው በመድኃኒቱ ጥንካሬ በመሆኑ፣ በዚያን ጊዜ አስተማማኙ ጥበቃ ልጁ ከሚነሣበት ቦታ ርቆ መኖር ሳይሆን አይቀርም። አውጫጭኝ ግን፣ የሰውን የሥራ ቀን ቢበላም፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲያውቅ ያስገድድ ነበር።

ጄን ጃኮብስ የተባለች ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ አሜሪካ ታላላቅ ከተሞች ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የመንገድ ሰላም በዋናነት የሚጠበቀው በፖሊስ ሳይሆን መንገዱን በሚያዩ ነዋሪዎች ዓይን ነው ስትል ተከራክራለች። በአዲስ አበባ የቀበሌ ቤቶች ይኸው ንድፈ ሐሳብ ከቡና ቁርስ ጋር ሲቀርብ ኖሯል፤ ደጃፏ ላይ ረከቦቷን ዘርግታ የተቀመጠች ባልቴት ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ በመንደሩ የገባውንና የወጣውን ትቆጥራለች፤ የማታውቀው ጎረምሳ ብቅ ካለም «የማን ልጅ ነህ? ማንን ፈልገህ ነው?» ትለዋለች። ጥያቄው የሚነሣው ከጥበቃ ሳይሆን ከወሬ ጥማት ነው፤ ቢሆንም መልስ ያጣው ጎረምሳ መንገዱን ሲቀይር ይታያል።

በኮንዶሚኒየም ግን ተከራዩ ወር በገባ ቁጥር ስለሚቀያየር፣ ቴሌቪዥን ታቅፎ ደረጃ የሚወርደው ሰው ሌባ ይሁን ቤት ለቃቂ መለየት ያስቸግራል። መጠየቅም ነውር ስለሚመስለው፣ ጨዋው ጎረቤት ግድግዳውን ተጠግቶ ያሳልፈዋል፤ ዕቃው የከበደ መስሎ ከታየው ደግሞ «አይዞህ» ብሎ አንዱን ጫፍ ያነሣለታል።