ፕላስተር የማይይዘው ጣት

ሰው እጅ ላይ ፕላስተር አልይዝ የሚል ቦታ አለ። የጣት አንጓ፣ የጥፍር ጥግ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያለው ስስ ቆዳ። ቢላ የሚያገኘውም ብዙ ጊዜ ይኸንኑ ቦታ ነው። ቢሮ ለሚውል ሰው ችግር የለውም፤ ፕላስተሩ ሲላላ ሌላ ይለጥፋል። እጇ ከውሃ ለማይወጣ ሴት ግን የምስር ፍሬ የምታህል ቁስል የሳምንት ጣጣ ናት። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለሠርግ፣ ለክርስትናና ለተዝካር ምግብ እየሠራሁ ነው የምተዳደረው። ስለ ጣት ቁስል ብዙ ባወራ አይፈረድብኝም።

እዚህ አገር ለሌላ ሰው ምግብ የሚያበስል ሰው እጁ ላይ ቁስል ካለ ውሃ በማያስገባ ነገር መሸፈን፣ ከላዩም ጓንት ማድረግ አለበት። ትክክለኛ ደንብ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ለወጥ ቤት የሚሸጠው ፕላስተር ሰማያዊ የሆነውም ሰማያዊ የሆነ ምግብ እምብዛም ስለሌለ ነው፤ ድስት ውስጥ ቢወድቅ ቶሎ ይታያል። ችግሩ ከጓንቱ ሥር ነው። እጅ ያልበዋል፣ ላቡ ማጣበቂያውን ያላላዋል፣ ፕላስተሩ ተንሸራቶ የጓንቱ ጫፍ ላይ ይጠቀለላል። ጓንት በተቀየረ ቁጥር አብሮ ይወልቃል።

አንድ የሠርግ ሰሞን የሆነው ይኸው ነው። ሽንኩርት ስከትፍ ቢላዋ በእርጥቡ ልጣጭ ላይ ተንሸራተተና የሌባ ጣቴን አንጓ ላጥ አደረገው። ጥልቅ አይደለም፤ መስፋት የሚያስፈልገው ዓይነት አልነበረም። አጥቤ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብዬ ደሙን አቁሜ፣ ፕላስተርና ጓንት አድርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ። ጓንት ስቀይር ፕላስተሩ የለም። የወለቀው ጓንት ውስጥ የለም፣ ወለሉ ላይ የለም፣ ማጠቢያው ውስጥ የለም። የተከተፈውን ሽንኩርት በሙሉ በእጃችን እየበተንን ፈለግን፤ አጣነው። ከዚያ ወዲያ ምን ይደረጋል? ሙሉው ሳፋ ተደፋ። አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ዓይናቸው እያነባ እንደገና መላጥ ሲጀምሩ እኔ መኪናዬን አስነስቼ ወደ ፋርማሲ ሄድኩ።

የምፈልገውን አውቅ ነበር። በስፕሬይ የሚረጭ ፈሳሽ ፕላስተር የሚሉት አለ፤ ቁስሉ ላይ ሲነፋ ደርቆ እንደ ሁለተኛ ቆዳ ይሆናል። እስከዚያ ቀን ሞክሬው አላውቅም። ይዤ ስመለስ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣችው እናቴ ቡና አቀራርባ፣ ለዕጣኑ ፍም አዘጋጅታ ጠበቀችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ቡናው እዚህ ተወቅጦ ተቀምጦ ምን ፋርማሲ ለፋርማሲ ያንከራትትሻል? ነስነስ አድርጊበትና ይያዝልሽ።»

የተወቀጠ ቡና ያልተነሰነሰበት የአገራችን ልጅ ጉልበት ጥቂት ነው። እናቴም በዚያ ነው ያሳደገችን፤ በፍቅር ያደረገችው ነው። ግን ዱቄቱ ቁስሉ ውስጥ ይቀራል፤ የነካውን እጅና የተቀመጠበትን ዕቃ ቆሻሻም ይዞ ይገባል። መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ተሕዋስ የሚኖረው አፈርና አቧራ ውስጥ ነው። ደሙን የሚያቆመው በንጹሕ ጨርቅ መጫን ነው፤ ያ ደግሞ ገንዘብም አይጠይቅም። ይህን ስነግራት አልተከራከረችኝም፤ «ታዲያ ያ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? አንብቢልኝ» አለች።

አነበብኩላት። ናይትሮሴሉሎስ፣ አልኮል፣ ካምፎር፣ የጉሎ ዘይት።

«ጉሎ? የኛው ጉሎ? ምጣድ የምናስስበት?»

አዎ፣ የኛው ጉሎ። ናይትሮሴሉሎስ ብቻውን ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፤ አንጓ ላይ ቢቀባ ጣት በታጠፈ ቁጥር ይሰባበራል። የጉሎ ዘይቱ ከቆዳ ጋር እንዲተጣጠፍ ያደርገዋል። እናቴ ከዚያ በኋላ ጠርሙሱን የምታየው በሌላ ዓይን ሆነ።

የዚህ ፈሳሽ ታሪክ ከእናቴ ቡና ጋር የሚያስቀምጥ ነው። ናይትሮሴሉሎስ የሚሠራው ጥጥን በናይትሪክና በሰልፈሪክ አሲድ በማከም ሲሆን፣ በደንብ የታከመው ዓይነት የባሩድን ሥራ ይሠራል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1846 ፈረንሳዊው ሉዊ ሜናር መጠነኛ ሕክምና ያገኘው ዓይነት በኤተርና በአልኮል ሲሟሟ የሚያጣብቅ ፈሳሽ እንደሚሆን አወቀ። ኮሎዲየን ተባለ። በ1848 ቦስተን ከተማ ጆን ፓርከር ሜይናርድ የተባለ የሕክምና ተማሪ ይህንኑ ፈሳሽ ቁስል መሸፈኛ አድርጎ አስተዋወቀው። ኤተሩ ሲተን ስስ ሽፋን ይቀራል። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ያለው ጠርሙስ የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

በ1851 ደግሞ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር ይህንኑ ኮሎዲየን መስታወት ላይ አፍስሶ፣ ብርሃን በሚቀበል የብር ጨው አርሶ ፎቶግራፍ የሚነሳበትን ዘዴ ይፋ አደረገ። በ1868 ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የዓፄ ቴዎድሮስን ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁን፣ ዋይት ደሴት ላይ ያነሳችው በዚህ ዘዴ ነው። አባቱ መቅደላ ላይ ከሞቱ ገና ወራት ብቻ አልፈው ነበር፤ ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። ያንን ፎቶ ያላየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ ዓይኑ ውስጥ ያለውን ሐዘን ሳያይ ያለፈም ያለ አይመስለኝም። ያ ፊት መስታወቱ ላይ ተይዞ የቀረው ቁስል ለመሸፈን በሚውል ፈሳሽ ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት ሲኒዋን አስቀምጣ «ልጄን» አለች፤ ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ወደ ጣቴ ልመለስ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ግልጽ ነው፦ እጠቢ፣ አድርቂ፣ ንፊ፣ እስኪደርቅ ጠብቂ፣ ከእሳት ራቂ። ጣቴን ዘርግቼ ልነፋ ስል እናቴ ዕጣኑን ፍሙ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ይዛው መጣች፤ ቤቱን ልታውድ። «እማዬ፣ እሳቱን መልሺው!» ብዬ ጮህኩ። ደንግጣ ማጨሻውን ይዛ በረንዳ ወጣች። አልኮሉና ናይትሮሴሉሎሱ ሁለቱም እሳት ወዳጅ ናቸው፤ ጭጋጉ አየር ላይ እያለ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። የኛ ቤት ደግሞ ምድጃው፣ ሻማው፣ ዕጣኑ፣ ቡናው ሁሉ እሳት ነው። ስለዚህ ፈሳሽ የሚጽፉ ሰዎች ይህን በትንሽ ፊደል ሥር ይቀብሩታል፤ እኔ በትልቁ እጽፈዋለሁ።

ነፋሁት። ማቃጠሉ! ሚጥሚጣ የገባበት ዓይን ያለው ሰው ብቻ የሚያውቀው ዓይነት ነው። ጥቂት ቆይቶ ቀለል አለ፣ ከዚያ ጠፋ። ግን የምድጃው ማራገቢያ ክፍት ስለነበር ጭጋጉ ወደ ጎን ተነዳና መሃል ጣቴም ደረሰው፤ ሁለቱ ጣቶቼ ጎን ለጎን እንደተነካኩ አንድ ላይ ደረቁ። ስስ ቆዳ መሃላቸው ተዘረጋ። እናቴ ቅቤ አመጣች፤ ምንም አላደረገውም። የሞቀ ውሃ፣ ሳሙና፤ ምንም። ውሃ እንዳያስገባ ተብሎ የተሠራ ነገር ውሃ እንዴት ይፈታዋል? መቀስ ልታነሳ ስትል መመሪያውን ዳግም አነበብኩት። ለማስለቀቅ እንደገና መንፋትና ሳይደርቅ ቶሎ መጥረግ ነው ይላል። ነገሩ ከተረዱት ቀላል ነው፤ አዲሱ ሲነፋ አብሮ የሚመጣው አልኮል የደረቀውን መልሶ ያሟሟዋል። በጣቶቼ መሃል ነፋሁ፣ በጨርቅ ጠረግኩ፣ ተላቀቁ። ማቃጠሉን ግን ዳግም ከፈልኩት።

ማራገቢያውን ዘግተን እንደገና ሠራነው፤ በዙሪያው ያለውን እናቴ በጨርቅ ከለለችልኝ። የመጀመሪያው ሲደርቅ ሁለተኛ ደገምኩ። ከላይ ጓንት አድርጌ ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት አጠብኩ፣ ዶሮ በሎሚና በጨው አሸሁ። ሲነጋ ጓንቱን ሳወልቅ ሽፋኑ እንዳለ ነበር። ሎሚ በክፍት ቁስል ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በማግስቱ ግን ጠርዙ መላጥ ጀመረ፤ በዚያች ክፍተት የበርበሬው ዘይት ገባና ወደ ላይ ዘለልኩ። ጠርዙ ሲነሳ መጎተት አይገባም፤ የዳነውን ቆዳ ይዞ ይነሳል። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ይነፋል።

ቁስል አየር ይንካው፣ ይድረቅ የሚለው ምክር እኛም ጋ ፈረንጅም ጋ ኖሯል። በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በአሳማ ቆዳ ላይ አነስተኛ ቁስሎችን በፕላስቲክ ሽፋን ሸፍኖ ከተጋለጡት ጋር አስተያያቸው። የተሸፈኑት እርጥበታቸውን ስለያዙ አዲስ ቆዳ ያበቀሉት በእጥፍ ገደማ ፍጥነት ነበር። የቁስል ሕክምና አካሄድን የለወጠ ሥራ ነው። ጣቴ ላይም ቅርፊት ሳይዝ ቀይ አዲስ ቆዳ ሲመጣ ስላየሁ ደስ ብሎኝ አምኜበታለሁ።

ሆኖም ሁሉንም ቁስል አይሸፍንም። ጥልቅ ከሆነ፣ ሚስማር ከወጋው፣ ውሻ ከነከሰው፣ ምጣድ ክፉኛ ካቃጠለው፣ መግል ከያዘ፣ ቦታው ሐኪም ቤት ነው። ቆሻሻ የተዘጋበት ቁስል ካልተሸፈነው ይብሳል።

ይህን ሁሉ በአማርኛ ጽፌ አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች እንዲያነቡት ከማጠቢያው በላይ ልለጥፈው ነው። ሁሉም እጃቸው ከውሃ አይወጣም፤ አንዳንዶቹ በቀን እዚህ፣ በማታ ሌላ ምግብ ቤት ሳህን ያጥባሉ፤ ጣት ተቆረጠ ብለው ሥራ መቅረት አይችሉም። እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«እሳቱን ከላይ አድርጊው» አለችኝ፤ «ከመታጠቡም በፊት።»

ሌላ ወረቀት አውጥቼ ከእሳቱ ጀመርኩ።