ሽማግሌ በጎማ ላይ

የዘመኑ ልጆች አባታቸውን ማስደሰት ሲያምራቸው ውሃ ላይ ይጥሉታል። «አባዬ፣ ለፋሲካ ሁላችንም ወደ ዮርዳኖስ ፓርክ እንሄዳለን፤ ጥንታዊ ፍርስራሽም አለ» አለኝ ልጄ። ለካ ፍርስራሹ እኔን መደለያ ነው፤ ዋናው ጉዳይ ካያክ የሚሉት በአየር የተነፋ ጎማ ኖሯል።

ቦታው እኮ እንዲህ የሚቀለድበት አይደለም። የዮርዳኖስ ወንዝ ኪኔሬት ሐይቅ ሊገባ ሲቃረብ፣ ከወንዙ በስተምሥራቅ አንድ ጉብታ አለ፤ ቤተ ሳይዳ ይሉታል። ብዙ ተመራማሪዎች የጌሹር መንግሥት መዲና እዚያ ነበር ይላሉ። የጌሹር ንጉሥ ተልማይ የንጉሥ ዳዊት አማት ነው። የዳዊት ልጅ አቤሴሎም ወንድሙን አምኖንን አስገድሎ የሸሸው ወደዚሁ አገር፣ ወደ አያቱ ነው፤ ሦስት ዓመትም ተቀምጧል። ልብ በሉ፤ ያኔ ሰው ሲጨንቀው አያቱ ዘንድ ይሮጥ ነበር። አያት ሲጨንቀውስ ማን ዘንድ ይሩጥ?

ዛሬ የሚታየው ትልቁ የከተማ በር ከአቤሴሎም በኋላ የተሠራ ነው። ጥቁር ድንጋይ ነው፤ አራት ክፍሎች አሉት። ከ2,700 ዓመት በፊት የአሦሩ ንጉሥ ቴልጌልቴልፌልሶር አገሩን ሲያጠፋ የተቃጠለ ገብስ ሳይቀር ተገኝቶበታል። በዚያ ዘመን በከተማ በር የሚቀመጠው ሽማግሌ ነበር፤ ተቀምጦ ይዳኛል፣ ያስታርቃል። እኔንም አስቀመጡኝ፤ ጎማው ላይ።

ብርቱካናማ ጃኬት አልብሰው እስከ አገጬ ቆለፉብኝ። እኔ የጎንደር ደጋ ሰው ነኝ፤ ያ ሸለቆ ከባሕር ወለል በታች 200 ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ወዲያ ወዴት ሊያወርዱኝ ነው? በጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፈው ከልጅነቱ የለመደ ሰው ነው፤ እዚህ ግን ገንዘብ የከፈለ ሁሉ መርከበኛ ነው። ልጄ በቀኝ፣ ምራቴ በግራ ሲቀዝፉ፣ ጎማው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይሽከረከራል። የማናውቀው ቤተሰብ «ሐግ ሳሜያሕ» እያለ በባልዲ ውሃ ይደፋብናል። መልካም በዓል የሚባለው እንዲህ ተደርጎ ነው? የልጅ ልጆቼ ደግሞ ይስቃሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ መሆኑን የነገራቸው የለም።

«የተልማይ ከተማ የት ደረሰች?» ብል፣ «ሳባ፣ ቅዘፍ እንጂ!» ይሉኛል፤ አያታችን ማለታቸው ነው። ግራ ቀኝ ባይ ሸንበቆና ዛፍ ነው። ጉብታውን ካለፍን በኋላ ልጄ መቅዘፊያውን ወደ ኋላ ቀስሮ «ያውልህ» አለኝ። ያየሁት የዛፍ ጫፍ ነው። ዳር ስንወጣ ይዘነው የመጣነው ቂጣ ርሶ ገንፎ ሆኗል፤ በእኛ በአይሁድ ፋሲካ ከቂጣ ሌላ ዳቦ የለ፤ ፆሜን ዋልኩ። ወደ ጉብታው እንውጣ ብል ልጆቹ ደክሟቸዋል አሉኝ። የቀዘፍኩት እኔ፣ የደከማቸው እነሱ!

ስለዚህ ሽማግሌ ይዛችሁ የምትሄዱ ሁሉ ስሙኝ። በጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ መጀመሪያ ወደ ጉብታው ውጡ። በሩ አጠገብ ጥላ ፈልጋችሁ አስቀምጡትና የአቤሴሎምን ነገር ጠይቁት፤ ሳያቋርጥ ይነግራችኋል። ከዚያ እናንተ እንደ ልባችሁ ተንቦጫረቁ፤ ጫማችሁንና ቂጣችሁን እሱ ይጠብቅላችኋል።