ዘወር ባይዋ፦ የቤት ድመት አመል ጥናት

የአዲስ አበባ የቤት ድመት አመል በሦስት ዐቢይ ክፍሎች ይመደባል፦ ቡጨራ፣ የሌሊት ሩጫና ሌብነት። አይጥ አለመያዝ አራተኛ ክፍል ይሁን የሚሉ አሉ፤ እሱ ግን የድመቷ ሳይሆን የአሳዳሪዋ ችግር ስለሆነ እዚህ አልተካተተም።

ድመት ሶፋ የምትቧጭረው ሰው ለማናደድ አይደለም። ያረጀ የጥፍሯን ቅርፊት ታራግፋለች፣ ወገቧን ታፍታታለች፣ ከመዳፏ የሚወጣውን ጠረን ትታ ትሄዳለች። ሶፋው ዕዳው ገና ያላለቀ ቢሆንም የይዞታ ማረጋገጫው ወጥቷል፤ በእሷ ስም። መፍትሔው ቃጫ ገመድ የተጠመጠመበት፣ ቆማ የምትንጠራራበት ያህል የረዘመና የማይነቃነቅ ግንድ ከሶፋው አጠገብ መትከል ነው። እናቶች ግን ሶፋውን ዳንቴል ያለብሱታል። ዳንቴል ለጥፍር የሚሰጠው ምቾት ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።

የሌሊት ሩጫ ብዙ አያነጋግርም። ድመት በንጋትና በምሽት አዳኝ ናት፤ ማታ አጫውቶ፣ አብልቶ ማስተኛት ይረዳል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስትጮህ ተነሥቶ ያበላ ሰው ግን ከነገ ጀምሮ በሰዓቱ ይቀሰቀሳል።

ወደ ሌብነት እንለፍ። የድስት ሌብነት በክዳን ይፈታል። የቋንጣ ሌብነት ግን በአራት ይከፈላል፦ ዘላይ፣ ተንጠልጣይ፣ እስኪወድቅ ጠባቂና ዘወር ባይ። ሦስቱ ተራ ሌቦች ናቸው።

ዘወር ባይዋ ቋንጣው ወደተሰቀለበት ጓዳ በእርጋታ ትገባለች። ጀርባዋን ለሥጋው ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቀመጣለች። ዓይኗን ትከድናለች። የድመት ጆሮ እስከ 180 ዲግሪ እንደሚዞር ያላወቀ ተመልካች ያሸለበች ይመስለዋል። በዚህ ጊዜ የቤቱ እመቤት «ይቺስ ጨዋ ናት» ትላለች። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ የምስጋና ደረጃ ይባላል። ሁለተኛው የመዳፍ መላስ ደረጃ ነው፤ ያለ እሱ ሥራው አይጀመርም። ሦስተኛው የሚጀምረው ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ ነው። አቦል ላይ ትተኛለች፣ ቶና ላይ ትንጠራራለች፣ በረካ ሲቀዳ ጓዳው ውስጥ የለችም። ቋንጣውም የለም።

አጥኚዎችን የሚያከራክረው አራተኛው ደረጃ ነው። ተመልሳ ትመጣና ለባዶው ገመድ ጀርባዋን ሰጥታ እንደገና ትቀመጣለች። ጸጸት ነው የሚሉ አሉ። እኛ የሚቀጥለውን ዙር እየጠበቀች ነው ባዮች ነን።

ቅጣትን በተመለከተ፣ ነጠላ ጫማ መወርወር በስፋት ተሞክሯል። ድመት ከአንድ ሰዓት በፊት የበላችውን ሥጋ አሁን ከሚበርረው ጫማ ጋር አታገናኘውም፤ የምታገናኘው ከወርዋሪው ጋር ነው። ከዚያ በኋላ «ውሮ! ውሮ!» ቢሏት አትመጣም። በማር ማባበልም አይሠራም፤ ድመት ጣፋጭ የሚቀምስ ምላስ የላትም።

የመስኩ ጥንታዊ ምንጭ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ነው። ተረቱ መነኩሲቷ ምን ትቀለብ እንደነበር ሳይመዘግብ ማለፉ ትልቅ ክፍተት ነው። ድመት ያለ ሥጋ የማትኖር እንስሳ ናት፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሳታገኝ ከቆየች ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ የሽሮ ፍትፍት እየቀረበላት፣ ከጓዳ የፋሲካ ቋንጣ ሽታ እየመጣ፣ ስለ አመሏ ተረት መተረት ተገቢ አይመስለንም።

የእጅ ንጥቂያ የተባለውን ክፍል ትተነዋል፤ እጁ ላይ ጠባሳ ያለበት ሁሉ ያውቀዋል። አንባቢ ሆይ፣ በጾምም ቢሆን ለእሷ ሥጋ ወይም ዓሣ አይጥፋ። ቋንጣውን ደግሞ በሩ በሚዘጋ ክፍል ስቀል፤ ዘወር ብላ ብትቀመጥም አትመናት።